እናትና ልጅ ያስተማርኩበት ዓመት

ውድ ወይዘሮ ሸዋገነት፣

እንደምን ሰነበቱ? ወልቂጤ ከገቡ ወዲህ ጉልበትዎን እንደተሻለዎት ከውዳሴ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ ኢብራር ነው፤ ኮልፌ ሳሉ ከሱቅዎ ግድግዳ ለግድግዳ ጨርቅ ይሸጥ የነበረው። ለንግዱ ወደዚያ እንደሚመላለስ ስለማውቅ ትናንት ሄጄ ለመንኩት። «ስልካቸው እያለ ምን ደብዳቤ ያስፈልጋል?» ብሎ ገረመው። ስልክዎ እኔም ጋ አለ። ግን አውቅዎታለሁ፤ ከባድ ነገር ሲነሳብዎት «ይተዉት መምህር፣ ያለፈ ነገር ነው» ብለው፣ ስቀው፣ የእኔን ጤና ጠይቀው ይዘጉታል። ስለዚህ ጻፍኩ።

አንድ ቃል አስገብተውኝ ነበር። ያንን ቃል ባለፈው ሰኞ አፍርሼዋለሁ። ለምን እንዳፈረስኩት ለመናገር እርስዎ የሚያውቁትንም የማያውቁትንም አንድ ላይ ማንሳት ይኖርብኛል፤ የሚያውቁት ላይ ስደርስ ይታገሱኝ።

መጀመሪያ ክፍል የገቡ ቀን እኔ ዘግይቼ ነበር። ዓለም ባንክ ፌርማታ ወርጄ እየሮጥኩ፣ ከሥሩ ባኞና የቧንቧ ዕቃ የሚሸጥበትን የኮሌጃችንን ሕንፃ ደረጃ ስወጣ የተማሪዎቹ ሳቅ እስከ ታች ይሰማ ነበር። በኋላ እንደነገሩኝ እርስዎ በሩን ከፍተው ሲገቡ ተማሪው ሁሉ መምህሯ መጣች ብሎ ብድግ አለ። እርስዎም ደንግጠው «ተቀመጡ ልጆቼ፣ እኔም እንደናንተው ልማር ነው የመጣሁት» አሏቸው። እኔ ስገባ መስኮቱ አጠገብ፣ ከፊት ረድፍ ተቀምጠው፣ ነጠላዎን ትከሻዎ ላይ አጣጥፈው አገኘሁዎት።

የባዮሎጂ መግቢያን ለአንደኛ ዓመት የነርስና የላቦራቶሪ ተማሪዎች ሳስተምር ያኔ ብዙ ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ በዕድሜ የምትበልጠኝ ተማሪ ግን ገጥማኝ አታውቅም ነበር። እርስዎ እኔን አንቱ፣ እኔም እርስዎን አንቱ፤ ልጆቹ ሲሰሙን ይስቃሉ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። አብዛኛው ተማሪ አይገባውም፤ አልገባኝም ማለት ደግሞ ያፍራል። እርስዎ እጅዎን አውጥተው «መምህር፣ በአማርኛ ልጠይቅ?» ሲሉ ግን የተኛው ሁሉ ይነቃ ነበር። ለካ እነሱም ያንኑ ሊጠይቁ ፈልገው ነው።

የቆዳ ሴል በየጊዜው እየሞተ በአዲስ እንደሚተካ ባስተማርኩ ዕለት እጅጌዎን ሰብስበው የክንድዎን ጠባሳ አሳዩኝ። «ሴሉ ከተቀየረ ይሄ ለምን አብሮ አልተቀየረም? በልጅነቴ ያቃጠለኝ ነው እኮ» አሉ። አንብቤ እመጣለሁ አልኩዎት። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ፣ ከላይኛው ቆዳ ሥር ያለው ክፍል በጣም ሲጎዳ ሰውነት በጥድፊያ እንደሚደፍነው፣ የሚደፍንበት ክር መሰል ነገር እንደ ድሮው ተሰባጥሮ ሳይሆን ወደ አንድ ጎን ተጎትቶ እንደሚሠራ፣ የሚተካውም በዚያው መልክ እንደሚቀጥል አስረዳሁ። እርስዎ ትንሽ አሰቡና «ልምድ የሌለው ልብስ ሰፊ የጠቀመው ማለት ነው» አሉ። ዕድሜ ልክዎን ለልብስ ሰፊዎች ክርና ዚፕ እንደሸጡ ያኔ አላውቅም ነበር። በፈተናው ላይ ግማሹ ተማሪ ያችን አባባል በእንግሊዝኛ ለመጻፍ ሲታገል አገኘሁት።

የክፍሉ አንደኛ ነበሩ ብዬ አላሞግስዎትም። የእንግሊዝኛው ቃል ያንገላታዎት ነበር፤ የመጀመሪያውን ፈተና ለጥቂት ነው ያለፉት። ግን አለፉ። ሁለተኛውን ደግሞ ብዙዎቹን ወጣቶች በልጠው አለፉ። ይህን አይርሱት።

ልጆቹ «ማዘር» አሉዎት። «ማዘር፣ እዚህ ይቀመጡ»፣ «ማዘር፣ ይቺ ምን ማለት ናት?» አንዷ ተማሪ ብቻ፣ ውዳሴ፣ በምንም ስም ስትጠራዎት ሰምቼ አላውቅም። ከጓደኛዋ ከዮዲ ጋር ከኋላ ትቀመጣለች። አብራችሁ አትገቡም፣ አብራችሁ አትወጡም። ስማችሁም አይገጥምም፤ እርስዎ በአባትዎ ስም፣ እሷ በአባቷ ስም ነው የተመዘገባችሁት። በምን ልወቅ?

ያ ማክሰኞ ሁሉም ተማሪ የራሱን የጉንጭ ሴል የሚያይበት ቀን ነበር። ጉንጩን ከውስጥ በኩል በስቴኪኒ ፋቅ ያደርጋል፣ መስታወት ላይ ይቀባዋል፣ ሰማያዊ ቀለም ጠብ ያደርግበትና በማይክሮስኮፕ ያየዋል። ማይክሮስኮፖቹ ስለማይበቁ ተማሪዎቹን እንደቆሙ በቡድን በቡድን ከፈልኳቸው። እርስዎንና ውዳሴን አንድ ላይ ያደረግኋችሁ እኔ ነኝ፤ ሳላውቅ።

ተራዎ ሲደርስ አንድ ዓይንዎን አጥብቀው ጨፍነው ጎንበስ አሉ። ምንም አልታይዎ አለ። ሽፋሽፍትዎን ብቻ ነው የሚያዩት፤ ሁሉም መጀመሪያ እንደዚያ ነው የሚሆነው። ከኋላዎ የተሰለፉት ልጆች መቁነጥነጥ ጀመሩ። እኔ ሌላኛው ጠረጴዛ ጋ ሆኜ ልመጣልዎ ስል የውዳሴን ድምፅ ሰማሁ።

«እማዬ፣ ሌላኛውን ዓይንሽን አትጨፍኚው። ሁለቱንም ክፈቻቸው፣ ቀስ ብሎ ይታይሻል።»

ልጆቹ ሁሉ ቀና አሉ። «ማዘር» ሁሉም ይልዎታል፤ «ዓይንሽን» ግን ማንም ብሎዎት አያውቅም። የቤት አነጋገር ነበር። ዮዲ ዞር ብላ «ውዲ፣ እናትሽ ናቸው እንዴ?» አለቻት። ውዳሴ ፊቷ ቀላ። እርስዎ ከማይክሮስኮፑ ቀና እንኳ ሳይሉ መለሱላት።

«የጎረቤቴ ልጅ ናት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ እማዬ ነው የምትለኝ።»

ከዚያ «አየሁት፤ መሃሉ ላይ ጠቆር ያለ ነጥብ አለው» አሉ። ልጆቹ ሳቁና ነገሩ አለፈ። ውዳሴ ግን ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። እርስዎ ዞረው አላዩአትም። ጠረጴዛው ላይ ጥላው የሄደችውን ደብተር አንስተው ነጠላዎ ውስጥ ሲሸጉጡት ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ መሰለኝ። ያኔ አወቅሁ።

በማግስቱ ቢሮዬ መጡ። ሻይ ላምጣልዎ ስል እንቢ ብለው ቆመው ነው የነገሩኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ያለፉ ጊዜ የነርስ ትምህርት ቤት ደርሶዎት እንደነበር፤ በዚያው ክረምት አባትዎ እንዳረፉና ታናናሾችዎ እርስዎ ላይ እንደቀሩ፤ ባለቤትዎ አቶ መሸሻም ልጅቷ ሳትጠና እንደሞቱ ነገሩኝ። ውዳሴን ሊያስመዘግቡ መጥተው ሬጅስትራሯ በቀልድ «እርስዎስ አይመዘገቡም?» ስትልዎት፣ ቀልዱ እንደ ቁም ነገር ልብዎ ውስጥ ገብቶ ያን ሌሊት እንቅልፍ እንዳልወሰደዎት አጫወቱኝ። ልጅዎ መጀመሪያ እንደሳቀች፣ ኋላ እውነትዎን መሆኑን ስታውቅ ማንም እንዳያውቅብን ብላ እንደለመነችዎት፣ እርስዎም እሺ እንዳሉ ነገሩኝ።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው» አሉኝ። «ከጓደኞቿ ጋር የምትስቅበት ጊዜ ነው። እኔ ከፊት ተቀምጬ እሷ ከኋላ ሳቋን ስታፍነው ይሰማኛል። ቤትም እኔ፣ ትምህርት ቤትም እኔ፤ ልጅቷ የት ትሂድ?»

ትለምደዋለች አልኩዎት። ራስዎን ነቀነቁ። ሱቁ በዛብኝ፣ ትምህርቱም ከበደኝ እላታለሁ፤ እርስዎም ከጠየቀችዎት እንደዚያው ይበሉ አሉኝ። «በእኔ ምክንያት ነው ያቋረጠችው ብላ ካወቀች እሷም ታቋርጣለች። አውቃታለሁ። ቃል ይግቡልኝ።»

ገባሁልዎት። እጄን ጨብጠው፣ አመስግነው፣ ደረጃውን በዝግታ ወረዱ።

ከዚህ በኋላ ያለውን እርስዎ አያውቁም።

ውዳሴ ከላቦራቶሪው ወጥታ ቤት እንዳልመጣች፣ ቀራንዮ አክስቷ ጋ እንዳደረች ያውቃሉ። የተናደደችብዎት መስሎዎት ነበር። ፊትዎን ማየት አፍራ ነው። ሐሙስ ጠዋት ከአክስቷ ቤት በቀጥታ ክፍል መጣች፤ ማንም ሳይገባ፣ እኔ ሰሌዳ እያጠፋሁ። ወደ ኋላ አልሄደችም። መስኮቱ ጋ፣ ከእርስዎ ቦታ ቀጥሎ ተቀመጠችና የእርስዎ ወንበር ላይ ቦርሳዋን አስቀመጠች። ዮዲ ገብታ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ ስትላት ድምፅዋን ሳትቀንስ መለሰችላት፤ «ለእናቴ ነው የያዝኩላት። ትናንትና ያፈርኩት እኔ ነኝ እንጂ እናቴ ናት።» ትናንትና ያለችው ማክሰኞን ነው፤ ቀኑ ተምታቶባት ነበር።

አንድ ልጅ ወንበር አጥቶ ቦርሳውን ሊያነሳ ሲል ሰው አለበት ብላ ከለከለችው። ያን ቀን ያስተማርኩት ስለ ሴል መከፋፈል ነበር። እንዴት እንዳስተማርኩ አላስታውስም፤ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ልጅዎ ቀና ስትል ነው የማስታውሰው። ሲያልቅ ጠብቃኝ «መምህር፣ እናቴ ደውላ ነበር?» አለችኝ። ቃል የገባሁልዎት ገና በዋዜማው ነው። አልሰማሁም አልኳት።

ማታ ቤት ስትገባ እርስዎ እየሳቁ ተቀበሏት። ሱቁ በዝቶብኛል፣ ትምህርቱም ለእኔ ዓይነት አይሆንም፣ ይልቅ አንቺ በርቺ አሏት። ልትነግርዎት አስባ የመጣችውን ሁሉ ዋጠችው። ይቅርታ ለመጠየቅ እንኳ ምክንያት አጣሁ፣ ከበደኝ ካለች በኋላ ምን ልበላት ነው ያለችኝ ባለፈው ሰኞ። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ኋላ ወንበሯ ተመለሰች።

ኮሌጃችን የማታ ክፍልም እንዳለው ትዝ ያለኝ ያን ሐሙስ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ነው። ያንኑ ትምህርት ማታ ማታ የማስተምረው እኔው ራሴ ነበርኩ። ሱቅዎን ዘግተው ሊመጡ ይችሉ ነበር፤ ልጅዎም ቀን ከጓደኞቿ ጋር ትስቅ ነበር። ቢሮዬ ቆመው ሳሉ ይህ እንዴት እንዳልመጣልኝ እስካሁን ይገርመኛል። ቅዳሜ ልነግርዎት ኮልፌ መጣሁ። ሱቁ ውስጥ ሁለታችሁ ነበራችሁ፤ እሷ ዚፕ በየመጠኑ ትለያለች፣ እርስዎ አንዲት ልብስ ሰፊ እያናገሩ ነው፣ በሆነ ነገር ትሳሳቃላችሁ። ሰላም ወርዷል፣ ምን አገባኝ ብዬ አሰብኩ። የማያስፈልገኝን ዚፕ ገዛሁ። «ልጄ እንዴት ናት በትምህርቷ?» ብለው ጠየቁኝ፤ ጎበዝ ናት አልኩና ሄድኩ።

ሌላ ቀን እመለሳለሁ እያልኩ ሴሚስተሩ አለቀ። በአማርኛ ልጠይቅ የሚልም ጠፋ። እኔ እጠይቃለሁ፣ እኔው እመልሳለሁ፤ ልጆቹ ይጽፋሉ። ከዚያ መንገዱ ሲሰፋ የእናንተ የሱቆች ረድፍ ፈረሰ፤ እርስዎም ወንድምዎ ጋ ወልቂጤ ሄዱ፤ ውዳሴ አክስቷ ጋ ሆና ትምህርቷን ጨረሰች። ስትመረቅ ከሩቅ አየሁዎት። ለፎቶ ሲቆሙ ልጅዎ ካባዋን አውልቃ እርስዎን ልታለብስዎት ስትታገል፣ እርስዎ በሁለት እጅዎ ሲከላከሉ አየሁ። ልቀርብ ፈልጌ ቀረሁ።

አሁን ወደ ሰኞው ልምጣ። አዲስ ተማሪዎች ሲገቡ ከእኛ የተመረቁትን ጋብዘን ስለ ሥራቸው እንዲነግሯቸው እናደርጋለን። ዘንድሮ ውዳሴን ጋበዝኳት። ከምትሠራበት ክሊኒክ ፈቃድ ጠይቃ መጣች። ስትናገር ቢሰሟት ይኮሩ ነበር፤ ረጋ ያለች፣ የማትንተባተብ ሴት ሆናለች። ስለ ሥራዋ ከነገረቻቸው በኋላ እንዲህ አለች፦

«ይሄ ኮርስ እንደሚያስፈራችሁ አውቃለሁ። እኔ እዚህ ስማር እናቴ አብራኝ ትማር ነበር። እዚያ፣ መስኮቱ ጋ። ያኔ አፈርኩባት፤ አሁን ለሰው ሁሉ አወራዋለሁ። ትምህርቱ ከበዳትና አቋረጠች፤ ግን በዚያ ዕድሜዋ ሞክራለች። እናንተ ገና ልጆች ናችሁ፣ ምን ያቅታችኋል?»

አጨበጨቡላት። እኔ አላጨበጨብኩም። በንቀት የተናገረችው አልነበረም፤ በዚያ ቢሆን ዝም እል ነበር። በፍቅር ነው የተናገረችው። የማያውቁ ልጆች ፊት ቆማ፣ እናቴን ትምህርት አቃታት ብላ እያዘነችልዎት፣ እያመሰገነችዎት። እርስዎ ያላቃተዎትን ነገር እንዳቃተዎት አድርጋ በየሄደችበት ስትናገር ኖራለች፤ እንደዚያ ብላ እንድታምን ያደረግናት እኔና እርስዎ ነን። ክፍሉ ሲበተን ደረጃው ላይ አስቆምኳትና ሁሉንም ነገርኳት። ቢሮዬ የመጡበትን ቀን፣ ያሉኝን፣ ያስገቡኝን ቃል።

መጀመሪያ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው። «ታልፍ ነበር?»

«ያልፉ ነበር» አልኳት። «ሁለቱንም ፈተና አልፈው ነው የተዉት።»

ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ከሥራችን ሰዎች ባኞ መኪና ላይ እየጫኑ ይጯጯሃሉ።

«ወንበር ይዤላት ነበር እኮ።»

«አይቻለሁ።»

«ነግረዋታል?»

አልነገርኳቸውም አልኩ። ቀና ብላ አየችኝ፤ የተቆጣች አትመስልም፣ የደከማት ትመስላለች። «የሁለታችንንም ያውቁ ነበር» አለችኝ። «ለአንዳችን እንኳ አልነገሩንም።»

ወይዘሮ ሸዋገነት፣ ቃል አክብሬ ነው ብዬ ራሴን ሳጽናና ኖሬያለሁ። ግን የእርስዎ ቃል ያሰረኝ ለእሷ እንዳልነግር ነው እንጂ ስለ ወንበሩ ለእርስዎ እንዳልነግር አልነበረም። ያን ቅዳሜ ሱቁ ደጃፍ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር ይበቃ ነበር።

ተመልሰው ይማሩ ብዬ ልጽፍልዎት አስቤ ነበር፤ እንዲያ ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል። የማታው ክፍል ባለፈው ዓመት ተዘግቷል፤ እርስዎም አገር ቀይረዋል፣ ጉልበትዎም እንደ ያኔው አይደለም። ያመለጠዎት ነገር አምልጧል። ልመልስልዎት የምችለው የማያውቁትን ብቻ ነበር፤ ልጅዎ እንዳፈረችብዎት አልቀረችም። ማክሰኞ ያፈረችውን ሐሙስ ማለዳ ልትክስ ተነስታ መጥታ ነበር፤ ያጣችው እርስዎን ነው።

ውዳሴ ቅዳሜ በመጀመሪያው መኪና ወልቂጤ ትመጣለች። ቀድሜ እንድጽፍልዎት የለመነችኝ እሷ ናት። «እኔ ብቻዬን ብጠይቃት በሳቅ ታልፈኛለች» ነው ያለችኝ። እውነቷን ነው። ስለዚህ ስትደርስ መንገዱ እንዴት ነበር፣ ከስተሻል፣ ምሳ ብይ እያሉ አያስቆሟት። አስቀድማ እሷ ትናገር፤ የምትለውን ስታጠና ሰንብታለች። ስትጨርስ ደግሞ ለምን እንደተዉት እርስዎ በራስዎ አፍ ይንገሯት። ከእኔ ሰምታዋለች፤ ከእኔ መስማቷ ግን አልበቃትም።

ቃልዎን ስላፈረስኩ ይቅር ይበሉኝ። ዘግይቼ ስላፈረስኩትም እንዲሁ።

ሁልጊዜም አክባሪዎ፣
ያደሳ ገሜዳ
ዓለም ባንክ